ነፋሱ የማን ነው? በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ስለሚተከለው ማራገቢያ

ባለፈው ጥር ወደ አዳማ የወረድኩት በኤሌክትሪክ መኪና ነበር። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ መኪናውን ከገዛ ዓመት አልሞላውም፤ ዓይኑ ከመንገዱ ይልቅ የባትሪውን መጠን በሚያሳየው ቁጥር ላይ ያርፋል። ሞጆን አልፈን ወደ አዳማ ስንቃረብ ከኮረብታዎቹ ላይ የነፋስ ተርባይኖቹ ብቅ ብቅ አሉ። አንዳንዶቹ ይዞራሉ፣ አንዳንዶቹ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ እነዚያ ነፋስ እስኪመጣላቸው ቆመው የሚጠብቁ ናቸው» አለኝ። «እኔ ግን በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ስነዳ ነፋሱ ሁልጊዜ ፊቴ ላይ ነው። ኮፈኑ ላይ አንድ ማራገቢያ ብተክል መኪናው ራሱን እየሞላ አይሄድም?»

«አይሆንም» አልኩት። «ለምን?» ሲለኝ ኢነርጂ አይፈጠርም፣ አይጠፋም የሚለውን ሕግ ጠቀስኩለት።

«እሱን እኔም ተምሬዋለሁ» አለ። «ግን ነፋሱ አለ። እጅዎን በመስኮት ያውጡና ይዩት።»

አወጣሁ። ነፋሱ አለ። እጄን ወደ ኋላ ገፋው።

እውነቱን ለመናገር መልሴ መልስ አልነበረም። ሕግ ጠቅሶ በር መዝጋት ማስረዳት አይደለም። ልጁ ሕጉን አልካደም፤ የሚታይ፣ የሚዳሰስ፣ እጅ የሚገፋ ነፋስ አሳይቶ «ይህስ ከየት መጣ?» ብሎ ነው የጠየቀኝ። ጥያቄው ደግሞ የእሱ ብቻ አይደለም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ በአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መኪና ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ከመኪናው ጋር ስለ ባትሪ የሚወራው ወሬም በዝቷል፤ ጣሪያው ላይ ማራገቢያ የተከለ መኪና የሚያሳዩ ቪዲዮዎችም ከስልክ ወደ ስልክ ይዘዋወራሉ። አብዛኛው ተቺ እንደ እኔ «ሕጉ አይፈቅድም» ብሎ ያልፋቸዋል። ስህተቱ ያለው ግን ሕጉን ባለማወቅ ላይ አይመስለኝም። ስህተቱ ሒሳብ አያያዝ ላይ ነው፤ ገቢውን ከአንድ ሱቅ ደብተር፣ ወጪውን ከሌላ ሱቅ ደብተር እያነበቡ ትርፍ አገኘሁ ማለት።

ስለ ቃላት አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ «ኃይል» የምንለው ለመብራቱም፣ ለግፊያውም፣ ለጉልበቱም ነው። እዚህ ግን ነገሩ እንዳይምታታ ኢነርጂን ኢነርጂ እላለሁ፤ የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴርም በስሙ ውስጥ ተቀብሎታል። አንድ ነገር ሌላውን ሲገፋ ደግሞ ጉልበት እላለሁ።

ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1632 ያቀረበው ምሳሌ አለ። ጸጥ ባለ ባሕር ላይ ሳይንገጫገጭ በሚሄድ መርከብ ሆድ ውስጥ የተዘጋ ሰው የሚንጠባጠበውን ውሃ፣ የሚበሩትን ዝንቦች ቢመለከት መርከቡ ይሂድ ይቁም ማወቅ አይችልም ይላል። የተፈጥሮ ሕግ ለቆመውም ለሚሄደውም አንድ ነው። ቁጥሮቹ ግን አንድ አይደሉም። ጭኔ ላይ የያዝኩት አንድ ሊትር ውሃ ለእኔ ቆሟል፤ የእንቅስቃሴ ኢነርጂው ዜሮ ነው። ከመንገዱ ዳር ፍየል ለሚጠብቀው ልጅ ግን ያው ውሃ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር እያለፈ ነው፤ ወደ 386 ጁል የሚሆን ኢነርጂ አለው። ማናችንም አልተሳሳትንም። «ኢነርጂ አይጠፋም» ማለት እያንዳንዱ ተመልካች ከራሱ መቆሚያ ሆኖ ቢቆጥር ድምሩ ከጊዜ ወደ ጊዜ አይለወጥም ማለት ነው እንጂ ሁሉም ተመልካች አንድ ቁጥር ያነባል ማለት አይደለም። የፊዚክስ ተማሪዎች ይህን መቆሚያ የማጣቀሻ ማዕቀፍ ይሉታል። ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን እናስተምራለን፤ ሁለተኛውን እንዘለዋለን። የሹፌሩ ጥያቄ የሚበቅለው ከተዘለለው ቦታ ላይ ነው።

እንቁጠር። በአዳማ አካባቢ ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ አየር አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ለሒሳብ የተመቸ ቁጥር ነው። የማራገቢያው ስፋት አንድ ካሬ ሜትር ይሁን፤ መኪናው በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 27.8 ሜትር ይሂድ። ጀርመናዊው አልበርት ቤትዝ እ.ኤ.አ. በ1920 እንዳሳየው አንድ የነፋስ ተርባይን ከሚመጣበት ነፋስ የመጨረሻውን ጥቅም የሚያገኘው ነፋሱ ክንፎቹን ሲያልፍ ፍጥነቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ፣ ካለፈ በኋላ ደግሞ ወደ አንድ ሦስተኛ ሲወርድ ነው። ሁሉንም ልያዝ ቢል አየሩ ከኋላው ቆሞ ይከማችና የሚመጣውን ይዘጋዋል። እንግዲህ ለሹፌሩ የማይቻለውን ሁሉ ልስጠው፤ ማራገቢያው ፍጹም፣ ጄኔሬተሩ ፍጹም፣ ሽቦው ፍጹም ይሁን።

ከመኪናው ወንበር ሆነን ስናየው ነፋስ ይመጣል። በየሰከንዱ 18.5 ኪሎ ግራም አየር በማራገቢያው ውስጥ ያልፋል፤ ሲመጣ 7.1 ኪሎዋት ይዞ ይመጣል፣ ሲሄድ 0.8 ኪሎዋት ይዞ ይሄዳል። ልዩነቱ 6.3 ኪሎዋት ወደ ባትሪው ገባ። ሹፌሩ ትክክል ነው! ገቢው እውነተኛ ገቢ ነው። ቪዲዮዎቹ ላይ የሚበራው አምፖልም ላይዋሽ ይችላል።

ወጪውስ? እጄን ወደ ኋላ የገፋው ነፋስ ማራገቢያውንም ወደ ኋላ ይገፋዋል። ጉልበቱ ሲሰላ 343 ኒውተን ነው፤ በግምት 35 ኪሎ የሚመዝን ጆንያ ለማንሳት የሚያስፈልገውን ያህል። ሞተሩ ይህን ጉልበት ተሸክሞ በሰከንድ 27.8 ሜትር መሮጥ አለበት፤ 9.5 ኪሎዋት ከባትሪው ይወጣል። 6.3 ገባ፣ 9.5 ወጣ። ባትሪው 3.2 ኪሎዋት ይከስራል፤ ያውም ሁሉ ነገር ፍጹም በሆነበት ዓለም። ለንጽጽር ያህል፣ ቅርጹ ጥሩ የሆነ መካከለኛ አውቶሞቢል በዚያ ፍጥነት አየሩን ለመሰንጠቅ ብቻ የሚያወጣው ሰባት ኪሎዋት ገደማ ነው። አንድ ካሬ ሜትር ማራገቢያ መላው የመኪናው አካል ከሚጎተተው በላይ ይጎተታል።

ቁጥሮቹን ለጊዜው ብንተዋቸውም ምክንያቱ አጭር ነው። ሞተሩ የሚከፍለው ጉልበቱ በመኪናው ሙሉ ፍጥነት ተባዝቶ ነው። ማራገቢያው የሚቀበለው ያው ጉልበት አየሩ ክንፎቹን በሚያልፍበት ፍጥነት ተባዝቶ ነው። አየሩ ደግሞ ክንፎቹ ጋ ሲደርስ የግድ ዘግይቷል፤ ካልዘገየ አልገፋም፣ ካልገፋ አላዞረም። ስለዚህ ገቢው ሁልጊዜ ከወጪው ያንሳል። ማራገቢያውን ማሳነስ፣ ማስተለቅ፣ ሦስት አድርጎ መደርደር፣ ጣሪያው ላይ ወይም ከሥር መደበቅ ይህን አይለውጠውም።

አሁን ከፍየል ጠባቂው ልጅ ጎን እንቁም። ለእሱ ነፋስ የሚባል ነገር የለም፤ አየሩ ቆሟል። መኪናው መጣ፣ አለፈ፣ ከኋላው አየሩን እየጎተተ ሄደ። 18.5 ኪሎ ግራም አየር በየሰከንዱ ከቆመበት ተነሥቶ በሰከንድ 18.5 ሜትር ይሮጣል። ይህ 3.2 ኪሎዋት ነው፤ ባትሪው የከሰረው ያው ቁጥር። ልጁ ሒሳቡን እንዲህ ይዘጋዋል፦ ሞተሩ 9.5 አወጣ፣ 6.3ቱ ወደ ባትሪው ተመለሰ፣ 3.2ቱ አየሩን ለማስሮጥ ዋለ።

ልብ በሉ፤ ለሹፌሩ አየሩ ሰጪ ነበር፣ ለልጁ አየሩ ተቀባይ ነው። ያው አየር፣ ያው ደቂቃ። ይህን መጀመሪያ የተረዳሁ ቀን ደንግጬ ነበር፤ ኢነርጂን እንደ ጤፍ በጎተራ የተቀመጠ ነገር አድርጌ ማሰብ ለምጄ ነበርና። የነፋስ ኢነርጂ በአየሩ ውስጥ የተቀመጠ ሀብት አይደለም። አየሩና ሌላ ነገር፣ ለምሳሌ መሬቱ፣ አንዱ ከሌላው አንጻር በመንቀሳቀሳቸው ብቻ የሚገኝ ነው።

በሹፌሩ ደብተር ውስጥ ግን አንድ ያልተመዘገበ ደንበኛ ቀርቷል። ከወንበሩ ሆኖ ሲያይ አየሩ 6.3 ሰጠው፤ ባትሪው ደግሞ 9.5 ከፈለ። ለማን? ለምድር። ከመኪናው ሲታይ አስፋልቱ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ይሮጣል፤ ጎማዎቹም ወደ ኋላ እየገፉት ተጨማሪ ኢነርጂ ይሰጡታል። ምድር ግዙፍ ስለሆነች ፍጥነቷ በማይለካ መጠን ነው የሚጨምረው። ያ ግን 9.5 ኪሎዋቱን አያስቀርም፤ አስቀድሞ በፍጥነት የሚሮጥን ነገር በትንሹም ቢሆን ማፋጠን ውድ ነው። ራሱን ይሞላል የተባለ መኪና ሐሳብ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህች ጋ ይመስለኛል። ነፋሱን ሲቆጥር መኪናው ውስጥ ይቀመጣል፣ መንገዱን ሲቆጥር ወርዶ ይቆማል።

ይኸው ጣጣ በአንድ የታወቀ የክፍል ትምህርት ላይም አለ። ዳንኤል ቤርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ያሳተመው ግኝት በክፍል ውስጥ «ፍጥነት ሲጨምር ግፊት ይቀንሳል» ተብሎ ያጥራል። እስቲ የመኪናውን አፍንጫ ተመልከቱ። ከወንበራችን ሲታይ አየሩ በሰከንድ 27.8 ሜትር መጥቶ አፍንጫው ላይ ተጋጭቶ ይቆማል፤ ፍጥነቱ ዜሮ፣ ግፊቱ ከፍተኛ፤ ከአካባቢው በ386 ፓስካል ይበልጣል። ከቤርኑሊ ጋር በትክክል ይስማማል። ከመንገዱ ዳር ሲታይ ግን አፍንጫው ላይ ያለው አየር ከመኪናው ጋር በሙሉ ፍጥነት የሚነዳ ነው፤ ከአካባቢው አየር ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነው። በክፍሉ አረፍተ ነገር መሠረት ግፊቱ ዝቅተኛ መሆን ነበረበት። ታዲያ ማን ትክክል ነው?

ግፊት መለኪያው ያስታርቃቸዋል፤ ግፊቱ ከፍተኛ ነው፣ ለሁለቱም። ፍጥነት ተመልካች ይመርጣል፤ ግፊት አይመርጥም። ፈረንሳዊው አንሪ ፒቶ እ.ኤ.አ. በ1732 የሴንን ወንዝ ፍጥነት የለካበት ቱቦ ዛሬ ከቦሌ በሚነሣ በእያንዳንዱ አውሮፕላን ላይ ተተክሎ ፓይለቱ አየሩን ምን ያህል እየሰነጠቀ እንደሆነ የሚነግረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የክፍሉ አረፍተ ነገር የጣለው ቅድመ ሁኔታ አለ። የቤርኑሊ ሒሳብ የሚሠራው ፍሰቱ በጊዜ የማይለዋወጥ ሲሆን፣ በዙሪያው ያለው ግድግዳም ካልተንቀሳቀሰ ነው። የቆመ ግድግዳ ውሃውን ወይም አየሩን ቢገፋውም ሥራ አይሠራበትም፤ ኢነርጂ አይሰጠውም፣ አይወስድበትም። ከመኪናው ሲታይ ቅድመ ሁኔታው ተሟልቷል። ከመንገድ ዳር ሲታይ ግን ግድግዳው ራሱ መኪና ሆኖ እየሮጠ አየሩን ያንገላታዋል፤ አሁን ጸጥ ያለ፣ አሁን የተናወጠ፣ አሁን ደግሞ ጸጥ ያለ ነው። እዚህ ላይ ቤርኑሊን መጥቀስ የሰርግ ዘፈን ለቅሶ ቤት መዝፈን ነው።

ያ ወረቀት በከንፈር ይዞ ከላዩ እየነፉ የሚያስነሡት ሙከራም ከዚሁ ወገን ነው። እኔም ተምሬዋለሁ፣ እኔም አስተምሬዋለሁ፤ ይቅር ይበለኝ። ከአፍ የወጣው አየር ኢነርጂውን ያገኘው ከሳንባ ነው፤ ከወረቀቱ በታች ያለው አየር ምንም አላገኘም። የሁለት የተለያዩ ሰዎችን ቀሪ ሒሳብ አነጻጽሮ «ይኸኛው ፈጣን ስለሆነ ግፊቱ አነሰ» ማለት አይቻልም። ወረቀቱ የሚነሣው የተነፋው አየር የወረቀቱን ጉብታ ተከትሎ ስለሚታጠፍ ነው።

እስካሁን ያልኩትን ሰምቶ «እንግዲህ ነፋስ በመኪና ላይ ከንቱ ነው» ብሎ የሚደመድም ሰው ግን እሱም ይሳሳታል። እኔም ተሳስቼ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በካሊፎርኒያ ሪክ ካቫላሮ ከባልደረቦቹና ከሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር የሠራው «ብላክበርድ» የተባለ ተሽከርካሪ ያለ ሞተር፣ ያለ ባትሪ፣ ነፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ በቀጥታ እየሄደ ከራሱ ከነፋሱ 2.8 እጥፍ ፈጠነ። ነፋሱን ቀድሞት ማለት ነው! ጭስ ቢለቅ ጭሱ ወደ ኋላው ይሄዳል። በ2012 ደግሞ ተስተካክሎ በቀጥታ ነፋሱን ተቃርኖ በነፋሱ ሁለት እጥፍ ፍጥነት ሄደ። ነገሩ ለብዙ ሰው ከመኪናው ማራገቢያ የባሰ ቅዠት መሰለ። በ2021 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰሩ አሌክሳንደር ኩሴንኮ ይህ አይሆንም ብለው ከሳይንስ አቅራቢው ዴሬክ ሙለር ጋር በአሥር ሺህ ዶላር ተወራረዱ፤ ተረቱም። ፕሮፌሰር መሆን ከደብተር መምታታት አያድንም።

ምስጢሩ የጎማዎቹና የፕሮፔለሩ ግንኙነት ነው። ነፋሱ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ይመስላል፤ አይደለም። መንገዱ ጎማዎቹን ያዞራል፣ ጎማዎቹ በሰንሰለት ፕሮፔለሩን ያዞራሉ፣ ፕሮፔለሩ አየሩን ወደ ኋላ ይገፋል። ነፋሱ በሰከንድ 5 ሜትር፣ ተሽከርካሪው በሰከንድ 10 ሜትር ይሂድ እንበል። ጎማዎቹ በ100 ኒውተን ቢጎተቱ ከመንገዱ 1000 ዋት ይወስዳሉ። ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ግን ከተሽከርካሪው አንጻር በሰከንድ 5 ሜትር ብቻ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ በዚያ 1000 ዋት ከሞላ ጎደል 200 ኒውተን መግፋት ይቻላል። ከዚህ ሠላሳ በመቶው መሐል ላይ ቢባክን እንኳ 140 ይቀራል፤ 100ውን ከፍሎ 40 ኒውተን ያተርፋል፤ ስለዚህ ገና ይፈጥናል። ትርፉ ከየት መጣ? ከመንገድ ዳር ቆመን ብናየው ፕሮፔለሩ ወደ ኋላ የገፋው አየር ከነፋሱ ዘግይቷል። ከፋዩ ነፋሱ ነው።

ልዩነቱ እንግዲህ ይህ ነው። ብላክበርድ በሁለት ነገሮች መካከል ይሠራል፤ መንገዱና አየሩ አንዱ ከሌላው አንጻር ይንቀሳቀሳሉ፣ እሱም መሐል ገብቶ ደላላነቱን ይወስዳል። ነፋስ በሌለበት ቀን አየሩና መንገዱ አብረው የቆሙ ናቸው፤ መኪናው መሐላቸው ገብቶ የሚያገኘው ኮሚሽን የለም። ሹፌሬ ፊቱ ላይ የሚሰማው ነፋስ የገዛ ባትሪው የሠራው ነው።

እንዲያውም አንድ ነገር ልጨምርለት። በእውነት የሚነፍስ ተቃራኒ ነፋስ ካለ ማራገቢያው ሊያተርፍ ይችላል። ከላይ ያለውን ፍጹም ማራገቢያ ብንወስድ ተቃራኒው ነፋስ ከመኪናው ፍጥነት ግማሽ ካለፈ ገቢው ከወጪው ይበልጣል፤ በመቶ ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ማለት ከሃምሳ በላይ የሚነፍስ ነፋስ ነው። ያ ዛፍ የሚያወዛውዝ፣ ጃንጥላ የሚገለብጥ ነፋስ ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ማራገቢያውን ተክሎ ከመሄድ ቀስ ብሎ መንዳት ይሻላል።

ወደ ትልቁ የአገር ጉዳይ ስንሄድ ይኸው ሒሳብ በውሃ ይደገማል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የኅዳሴ ግድብ አሥራ ሦስት የፍራንሲስ ተርባይኖች አሉት፤ በአጠቃላይ 5,150 ሜጋዋት። በእነዚህ ተርባይኖች ውሃው ከዳር ገብቶ ወደ መሐል እየጠበበ፣ መንገዱን ወደ ታች አጥፎ ይወጣል። በዳሩ ዙሪያ ያሉት ጠመዝማዛ ቤትና መዝጊያዎች ውሃውን አስቀድመው ያሽከረክሩታል፤ የሚዞረው ክፍል ያንን ሽክርክር ተቀብሎ ውሃውን ሳይሽከረከር ይለቀዋል። የሒሳቡን ቀመር የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1750ዎቹ ጽፎታል።

ኢንጂነሮች ግን የተርባይኑን ክንፍ ቅርጽ ሲነድፉ ከውጭ ቆመው አያዩትም። በሚዞረው ክፍል ላይ እንደተቀመጠች ጉንዳን ሆነው ያስባሉ፤ ለጉንዳኗ ክንፎቹ የቆሙ ናቸው፣ ፍሰቱም የረጋ ነው። የቆመ ግድግዳ ደግሞ ሥራ አይሠራም ብለናል። ታዲያ ለጉንዳኗ የውሃው ግፊት ለምን ይወርዳል? ምክንያቱም የምትዞር ስለሆነች ሁሉም ነገር ወደ ውጭ ሲገፋ ይሰማታል፤ መኪና በኃይል ሲታጠፍ በሩ ላይ እንደሚለጥፈን ዓይነት ነው። ከዳር ወደ መሐል የሚመጣው ውሃ ለእሷ ዳገት እየወጣ ነው! ይህ የማይታይ ዳገት ሒሳቡ ውስጥ ሲገባ ድምሩ በክንፎቹ መካከል አይለዋወጥም፤ የሙያው ሰዎች ይህን ድምር ሮታልፒ ይሉታል።

ከዚህ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ከውጭ ለቆምነው አንዱ ተርባይን የሚሰጠው 400 ሜጋዋት ገደማ ከውሃው ወደ ክንፎቹ፣ ከክንፎቹ በዘንጉ በኩል ወደ ጄኔሬተሩ ይሄዳል። ለጉንዳኗ ዘንጉ ቆሟል፤ ያልዞረ ዘንግ ኢነርጂ አያስተላልፍም። ታዲያ በምን በኩል አለፈ? በኮንክሪቱ። ለእሷ የሚዞረው የኃይል ማመንጫው ቤት ነው፤ ውሃው ጠመዝማዛውን ቤትና መዝጊያዎቹን ወደ ኋላ እያዞረ ይገፋል፣ እነሱ በኮንክሪቱ በኩል የጄኔሬተሩን የማይዞር ክፍል ይገፋሉ፣ ኤሌክትሪኩም ይወለዳል። መንገዱ የተለየ ነው፤ ሜጋዋቱ ያው 400 ነው። ሽቦው ላይ የሚደርሰው ቁጥር በጉንዳኗ ዓይንም በእኛም ዓይን አንድ ካልሆነ አንዳችን ተሳስተናል ማለት ነው።

የከፍታውም ነገር መቆሚያ ይጠይቃል። «ግድቡ የውሃውን ጉልበት መጠጠው» የሚል አነጋገር እሰማለሁ። በጉባ ውሃው የሚወርደው 130 ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ በዚህ መውረድ 0.35 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። ዓባይ በዓመት በአማካይ 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ በዚያ ያሳልፋል፤ አባዙት፣ ከአሥር አንዱን ለብክነት ቀንሱ፣ ከ15 ሺህ ጊጋዋት ሰዓት በላይ ታገኛላችሁ፤ ከታቀደው የዓመት ምርት ጋር ይቀራረባል። አሥራ ሦስቱም ተርባይኖች ዓመቱን ሙሉ በሙሉ አቅማቸው ቢሠሩ ግን 45 ሺህ ይሆን ነበር። ተርባይኖቹ የተሠሩት ብዙ ኤሌክትሪክ ለሚፈለግበትና ብዙ ውሃ ላለበት ሰዓት ነው እንጂ ለአማካዩ አይደለም። ከተርባይኖቹ የወጣው ውሃ ከግድቡ ሐይቅ አንጻር ሲለካ ያንን ጨርሷል። ከባሕር ወለል ሲለካ ግን ገና 500 ሜትር ገደማ ይቀረዋል፤ በሱዳንና በግብፅ ያሉት የሮሴሬስ፣ የመረዌና የአስዋን ግድቦች ተርባይኖቻቸውን እየተቀባበሉ የሚያዞሩት በዚሁ በቀረው ነው።

ሹፌሬን ይህን ሁሉ አላስተማርኩትም። ክፍያ ጣቢያው ጋ ስንደርስ የማራገቢያውን ሒሳብ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ጽፌ ሰጠሁት፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው። በማግስቱ ስንመለስ ዳገቱን ጨርሰን አዲስ አበባ ልንገባ ስንል ቁጥሩን አሳየኝ።

«ስንወርድ 24 በመቶ በላ። ስንወጣ 36። ሰው አልጨመርን፣ ፍጥነት አልጨመርን።»

«ለ12ቱ ማንን ትጠረጥራለህ?»

ትንሽ አሰበ። «ስድስት መቶ ሜትር ገደማ ነው የምንወጣው፤ እኛንና መኪናውን ያህል ክብደት ይዞ። ስንወርድ አበደረን፣ ስንወጣ ወሰደ።»

ሲሰላ ይገጥማል፤ አንዱ መንገድ ብቻ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው።

ጠዋት ከአዳማ ስንወጣ ኮረብታው ላይ ያሉት ተርባይኖች አንዳቸውም አልዞሩም ነበር። ቅጠል አይንቀሳቀስም። በመኪናው መስኮት የሚገባው ነፋስ ግን ጸጉሩን ያመሰቃቅለው ነበር። ወደ ኮረብታው አየ፣ ወደ ባትሪው ቁጥር አየ፣ መስኮቱን ዘጋ።